አላውቅም የማይል አስተርጓሚ

አለቃዬ ራስል ቶርበርን በሰው ሁሉ ፊት «አንቺ ቁልፉን ብቻ ተጫኚ፤ ውስጡ ምን እንዳለ እኛ እናውቃለን» ካለኝ ብዙ ክረምት አልፏል። የቢሮው ምንጣፍ ተቀይሯል፤ የራስልም ፀጉር ወደ ኋላ ሸሽቷል። ቃሉ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ሰው «ተይው ጂኔት፣ ያረጀ ነገር ነው» ይለኛል። እኔ የምተው ሰው አይደለሁም። እናቴም አልነበረችም።

ቢሮአችን ከጎማ ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ ነው። የምንሠራው ለጉድጓዱ ነው። በከተማችን «ጉድጓዱ» ከተባለ የኒኬል ማውጫው እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ከመሬት በታች በየዋሻው የጋዝ መለኪያ ተሰቅሏል። የእኛ ፕሮግራም የመለኪያዎቹን ቁጥር ሰብስቦ አሳንሰሩ አፍ ላይ ባሉት ትልልቅ ሰሌዳዎች ያወጣል። ወራጁ ሰሌዳውን አይቶ ይወርዳል። አባቴ ይወርድ በነበረ ጊዜ ሰሌዳ የሚባል ነገር አልነበረም። ወንድሜ ሬያል ግን በየቀኑ አይቶት ነው የሚወርደው።

እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። እዚህ ቤት የተቀጠርኩት ስልክ ላነሳ ነበር። ፕሮግራም የሚጽፉት ልጆች የመጨረሻዋን ሥራ ስለሚጠሏት ለእኔ ጣሏት። ሁሉም የጻፈውን ካስገባ በኋላ እኔ ቁልፉን እጫናለሁ፤ ማሽኑ የፕሮግራሙን ዕቃ ሁሉ ይገጣጥማል፤ ከተስማማ አረንጓዴ ያበራል፣ ካልተስማማ ቀይ። ቀይ ሲሆን «የማን ጉድ ነው ይሄ?» ብዬ እጮሃለሁ። አረንጓዴ ሲሆን ወደ ጉድጓዱ እልካለሁ። ግንባታ ይሉታል። ሲሚንቶ የሌለበት ግንባታ ያየሁት እዚያ ነው።

ታዲያ ጉድጓዱን አዲስ ባለቤቶች ገዙት። እነሱ ያላቸውን ሁሉ የሚያስቀምጡት በፈቃድ በሚሸጥ አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ የእኛም ቁጥር እዚያ ይግባ አሉ። ያ ዳታቤዝ ኩራተኛ ነው፤ ከራሱ አስተርጓሚ በቀር ከማንም ጋር አይነጋገርም። አስተርጓሚው አንድ ፋይል ነው፣ ልጆቹ ድራይቨር ይሉታል። ስሙ ሹፌር ነው እንጂ የሚነዳው ነገር የለም። የእኛ ፕሮግራም ሲጠይቅ ለዳታቤዙ ይተረጉማል፤ ዳታቤዙ ሲመልስ ለእኛ ይተረጉማል። ሥራው ያ ብቻ ነው።

ሌላው ዕቃ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ የሕዝብ መጋዘን አለው፤ ማሽኑ በስምና ስንተኛ እትም እንደሆነ በሚናገር ቁጥር ጠርቶ ራሱ ያመጣዋል። ይሄን ግን ሻጩ ሕዝብ መጋዘን ውስጥ እንዲቀመጥ አይፈቅድም። በሩን ታንኳኳለህ፣ ማንነትህን ትናገራለህ፣ ውሉን ትቀበላለህ፣ በእጅህ ትወስዳለህ። ራስል ማንኳኳት አልፈለገም። ውሉ ረጅም ነው፣ ጠበቃ ይፈልጋል፣ ጉድጓዱ ደግሞ ቸኩሏል። ድሮ አብሮት የሠራ አንድ ሰው ፋይሉን ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ይዞ ወጥቶ ነበር። ከእሱ ተቀበለና በእኛው መጋዘን ውስጥ በእጁ አስገባው።

በእጅ ስታስገባ ማሽኑ «ስሙ ማን ነው? ቁጥሩ ስንት ነው?» ይልሃል። የነገርከውን ያምናል። ሻንጣ የሚከፍት ጉምሩክ አይደለም። ራስል ከሻጩ ድረ ገጽ ላይ የመጨረሻውን አዲስ ቁጥር አየና እሱኑ ጻፈ። ከዚያ ግንባታው ውስጥ አንዲት መስመር ጨመረ፤ እንዲህ የሚባለውን፣ ቁጥሩ እንዲህ የሆነውን አስገባ የምትል።

ያን ቀን ነው የጠየቅሁት።

«ራስል፣ ይሄ ሰውዬ ከየት መጣ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«አስተርጓሚው። የጻፍከው ቁጥር እውነት የእሱ ነው? ከፍተህ አየኸው?»

ራስል ፈገግ ብሎ ወደ ልጆቹ ዞረ፤ ከዚያ ያችን ቃል አለ። ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቁልፊቱ» ተባልኩ። ለገና ካርድ ሲሰጡኝም «ለውድ ቁልፊቱ» ብለው ነው የጻፉት።

ያልሳቀው ትራቪስ ኮርቢየር ብቻ ነበር። ትራቪስ ከትልቁ ደሴት የመጣ፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከኦጂብዌ ወገን የሆነ ልጅ ነው፣ ልጅ ስለው ሠላሳውን ያለፈ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ሥራውን የሚያውቅ። ኋላ ደረጃው ላይ አገኘኝና፣

«አትዘኚ፣ ቁልፍ እኮ በርም ይዘጋል» አለኝ።

«ተወኝ አንተ፣ ቄስ አትሁንብኝ» አልኩት። ግን ያዝኳት።

የትራቪስንም ጉድ አብሬ ልንገራችሁ፣ በኋላ ታስፈልጋለች። አንድ ጊዜ ግንባታውን ሲያጸዳ ያችን የአስተርጓሚውን መስመር ሳያውቅ አጠፋት። እኔ ቁልፉን ተጫንኩ፤ አረንጓዴ በራ። ሁላችንም አረንጓዴ ካየን ምን ቀረን? ላክሁት። ለካ ፕሮግራሙ አስተርጓሚውን የሚጠራው ሥራ ሲጀምር ነው እንጂ ሲገጣጠም መምጣት አለመምጣቱን የሚያይ የለም። ሠርግ ቤት ስሙ ተጽፎ እሱ እንደቀረ ሚዜ በለው። ጉድጓዱ ላይ ፕሮግራሙ ቢጣራ ቢጣራ የሚመልስ ጠፋ፤ ሰሌዳዎቹ በሙሉ ጠቆሩ። የጉድጓዱ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ሰሌዳ ከጠቆረ ከታች ሰው አይቆይም። ፊሽካው ተነፋ፣ ሁሉንም አወጧቸው። ራስል በዚያን ቀን የጮኸውን ጎማ ቤቱ ድረስ ሰሙት። ትራቪስም «ጨለማው» ተብሎ ከረመ።

ይሄ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው። አሁን ወዳለፈው ኅዳር ልምጣ።

ሬያል እሑድ እሑድ እኔ ዘንድ ይበላል። ሚስቱ ጥላው ወደ ደቡብ ከሄደች ወዲህ እንዲህ ነው። በዚያ እሑድ የአጋዘን ሥጋ ቀቅዬ ጠበቅሁት። መጥቶ ቦት ጫማውን በር ላይ ጣለ፣ ተቀመጠ፣ ሹካውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«ምን ሆነሃል?»

«ራሴን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ይዞኛል።»

«ትላንት ስንት ቢራ ጠጣህ?»

«አንድም! በእናቴ። ይኸውልሽ ታማኝ ስሆን ማንም አያምነኝም።»

«የት ነው የምትሠሩት አሁን?»

«አዲሱ ታችኛው ዋሻ። ከሁሉ በታች። አይዞሽ፣ ከጉድጓዱ ሁሉ ንጹሕ አየር ያለው እዚያ ነው። ሰሌዳው ዜሮ ነው የሚለው። ሌላው ዋሻ ሁለት ይላል፣ ሦስት ይላል፣ ወረድ ይላል፣ ከፍ ይላል፤ የኛ ዜሮ። ልጆቹ ‹ሳንባችሁን ልታሳርፉ ከፈለጋችሁ ታች ኑ› እያሉ ይቀልዳሉ።»

«ሁልጊዜ ዜሮ?»

«ሁልጊዜ። ድንጋይ ካፈነዳንም በኋላ ዜሮ።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ድንጋይ ሲፈነዳ ጭስ አለ። ጭሱ የሚሄድበት ያስፈልገዋል። ይሄን ለማወቅ ስምንተኛ ክፍልም አያስፈልግም፤ የማዕድን ቆፋሪ ልጅ መሆን ይበቃል።

«ቡችላውስ?» አልኩት። ቡችላ የሚሉት ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠለውን ትንሹን መለኪያ ነው፤ ጋዝ ሲያገኝ ይጮሃል።

«ቡችላው መደርደሪያው ላይ ነው። ምን ያደርግልኛል? መኪናው ባለፈ ቁጥር ይጮሃል። የናፍጣ ጭስና የሞት ጭስ አይለይም፣ ደንቆሮ። ሰሌዳው ካለ እሱን ማን ይሰማል?»

«ነገ ይዘኸው ውረድ።»

«እሺ እማዬ።»

«ሬያል፣ አልቀልድም።»

«እኔም አልቀለድኩም፣ እማዬ ነሽ እኮ። ሥጋው ጨው አንሶታል።» ሳቀ። ሲስቅ ግንባሩን በእጁ ያዘ።

ሰኞ ከሁሉ ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። መሞከሪያ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ሰሌዳ አለን፤ ከሦስት መለኪያዎች ጋር የተገናኘ። የአንዱን ገመድ ነቀልኩት። ሰሌዳው ቁጥሩን አጥፍቶ አንዲት ጭረት አወጣ። ጭረት ማለት «ከዚህ መለኪያ ወሬ የለኝም» ማለት ነው። ልክ ነው፤ እንዲያ ነው መሆን ያለበት። ታዲያ ታች ለምን ዜሮ ይላል?

ትራቪስ ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ ያዝኩት። የሬያልን ነገር ነገርኩት። መጀመሪያ ትከሻውን ነቀነቀ።

«አየሩ እውነት ንጹሕ ቢሆንስ?»

«ድንጋይ ካፈነዱ በኋላ?»

ወደ ስክሪኑ ዞረና ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን የመለኪያዎቹን ሁኔታ ከፍቶ አየ። የታችኛው ዋሻ መለኪያዎች ተመዝግበዋል፣ ተሰቅለዋል፤ ግን ኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ ገና ገመዳቸውን አላገናኙም። አንድም ቀን አንድም ነገር ለክተው አያውቁም።

«ታዲያ ጭረት ማውጣት ነበረበት» አልኩ።

«ነበረበት። እዚህ ጭረት ያወጣል፣ ምክንያቱም እዚህ የምንሞክርበት ነጻው ዳታቤዝ ነው፤ እሱ የራሱ አስተርጓሚ አለው። እዚያ ግን...» ቆመ። ወደ መጋዘናችን ገባ። ራስል በእጁ ያስገባውን ፋይል አገኘ። በላዩ ላይ አዲሱ ቁጥር ተጽፏል። ከዚያ እስከ ዛሬ ማንም ያላደረገውን አደረገ፤ ከፈተው። ውስጡ ፋይሉ ስለ ራሱ የሚናገርባት ጽሑፍ አለች። እሷ ላይ ያለው ቁጥር ሌላ ነው። የድሮ፣ በጣም የድሮ።

ትራቪስ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ምንድን ነው? በሰው ቋንቋ ንገረኝ» አልኩት።

«ባዶና ዜሮ ይለያያሉ፣ አይደል? ዜሮ ማለት ለካሁ፣ ምንም አላገኘሁም ነው። ባዶ ማለት አልለካሁም፣ አላውቅም ነው። ዳታቤዙ ‹ባዶ› ብሎ ነው የሚመልሰው። ይሄ አሮጌ አስተርጓሚ ግን አላውቅም የሚለውን ቃል አያውቀውም። ባዶ ሲሰጡት ዜሮ ብሎ ነው የሚያወራው። ሻጩ ቆይቶ አስተካክሎታል። እኛ ግን አዲሱን ነው የያዝነው ብለን... ስሙን አይተን...»

ቃሉን አልጨረሰም። እኔም አላስጨረስኩትም፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር።

አባቴ ላይ ድንጋይ የተናደ ቀን ፎርማኑ ቤታችን በር ላይ ቆመ። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም ነበር። ፎርማኑ «እስካሁን አናውቅም» አለ። አብሮት የመጣው የቢሮ ሰው ወደ ፈረንሳይኛ ሲመልሰው «ምንም የለም» አላት። እናቴ አመስግና በሩን ዘጋች። ለአባቴ ሾርባ አሞቀች። ያንን ሾርባ በመጨረሻ ማን እንደደፋው አላስታውስም።

ሁለታችንም ራስል ዘንድ ገባን። ትራቪስ ነገረው። ራስል ሲሰማ ፊቱ እንደ ሊጥ ነጣ፤ ያን ጊዜ ሳይገባው የቀረ ነገር እንደሌለ አየሁ። ሰውዬው ደደብ አይደለም። ፈሪ ነው። ከደደብ ፈሪ ይከፋል።

«ማን ያውቃል ይሄን?» አለ መጀመሪያ።

«እኛ» አለ ትራቪስ።

«ይቆይ እዚሁ። እናስተካክለዋለን። ውሉ ከታደሰ በኋላ፣ ከአዲስ ዓመት በኋላ።»

«ሰዎቹ ዛሬ ታች ናቸው» አልኩ።

«ጂኔት፣ አንቺ አልገባሽም። አሁን ሄጄ ሻጩን ትክክለኛውን ፋይል ስጠኝ ብለው፣ እስከ ዛሬ በምን ትሠሩ ነበር ይለኛል። ምን ልበለው? ከሰው ኪስ ያወጣሁትን? ይሄን ቤት ያስዘጉታል። የአንቺም እንጀራ እዚሁ ነው።»

«ለሻጩ አትንገር። ለጉድጓዱ ንገር። ታችኛው ዋሻ ዜሮው ውሸት ነው በል። አንድ ስልክ ነው።»

«ብነግራቸው ለምን ብለው አይጠይቁም? ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ቀበቶው ላይ መለኪያ አለው። ሕጉ ነው።»

«መደርደሪያው ላይ ነው።»

«እንግዲያ ጥፋቱ የእነሱ ነው!» ጮኸ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐሙስ የፕሮግራሙ አዲስ ቅጂ ይላካል። እስከዚያ ኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ ገመዱን ያገናኙ ይሆናል። በቃ። ትራቪስ፣ አንተ ልጅ ወልደሃል፣ ቤት በብድር ገዝተሃል። ጂኔት፣ አንቺ ደግሞ...»

«እኔ ደግሞ ምን?»

መጨረስ አላስፈለገውም። ያችን የድሮዋን ቃል ሁለታችንም ሰማናት።

ለጉድጓዱ ራሴ ደወልኩ። አንዲት ትሑት ድምፅ ያላት ልጅ አነሳች።

«ታችኛው ዋሻ ሰሌዳው ይዋሻል። ሰዎቹን አስወጧቸው» አልኳት።

«እመቤት፣ ከየት ነው የሚደውሉት?»

«ከሰሌዳው ቤት። ፕሮግራሙን ከሚሠሩት።»

«ኃላፊዎ ይደውሉልን እመቤት፣ ወይም በጽሑፍ ያሳውቁን። እኔ በስልክ እንዲህ ዓይነት ነገር መቀበል አልችልም።»

«ሰው ሲሞትም በጽሑፍ ነው የምትቀበሉት?»

«እመቤት...» አለችና ወደ ሌላ ሰው አዞረችኝ። ሌላው ሰው ወደ ራስል ደወለ። ራስል «የሠራተኛችን ወንድም ታች ስለሚሠራ ትንሽ ትጨነቃለች፣ ይቅርታ» አላቸው። በግድግዳው በኩል ሰማሁት። «ትንሽ ትጨነቃለች» ሲል የተጠቀመባት ድምፅ ያቺው የድሮዋ ነበረች።

ለሬያልም ደወልኩ፤ ረቡዕ ማታ።

«ነገ አትውረድ።»

«ምን ብዬ ልቅር? እህቴ ሕልም አየች ልበል?»

«አሞኛል በል። ታመሃል እኮ!»

«ጂኔት፣ ሦስታችን ነን ታች የምንሠራው። እኔ ብቀር ኦይቫና ትንሹ ልጅ ብቻቸውን ይወርዳሉ። ኦይቫ በጆሮው አይሰማም፣ ትንሹ በጭንቅላቱ አያስብም።»

«ቡችላውን ያዝ እሺ።»

«ቡችላው ትላንት ባትሪው አለቀ። ደህና እደሪ ቁልፊቱ» ብሎ ዘጋው። ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር ዘግይቶ ነበር የሚመጣው፤ ቃላቱን አንድ በአንድ ከሩቅ እንደሚያመጣቸው። እኔ ያንን ድምፅ አልወደድኩትም።

ሐሙስ ጠዋት በረዶ ጣለ። ጎማ ቤቱ በር ላይ መኪኖች ተሰልፈው ነበር፤ በየዓመቱ የመጀመሪያውን በረዶ ካላዩ የክረምት ጎማ ትዝ አይላቸውም። ሬያል በዚያ ሰዓት ወርዷል። ራስል በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ቅጂው ዝግጁ ነው። ከምሳ በፊት ይድረስ፤ ሊቀበሉት ቆመዋል።»

«እሺ» አልኩት።

እንዲህ በቀላሉ እሺ ስለው ትንሽ አየኝ። ከዚያ ሄደ።

ግንባታውን ከፈትኩ። ያችን መስመር አገኘኋት። እንዲህ የሚባለውን፣ ቁጥሩ እንዲህ የሆነውን አስገባ። ዓመታት ሙሉ ሳያት ኖሬአለሁ፤ አንድም ቀን አጠገቧ ሳላጉረመርም አላለፍኩም። ትራቪስ ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል፣ የእኔ ስክሪን ይታየዋል። ጠቋሚውን መስመሯ ላይ ሳደርግ መተየቡን አቆመ። አስተርጓሚው ከሌለ ምን እንደሚሆን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። «ጨለማው» የተባለው በነጻ አይደለም።

ተነሳ። ጃኬቱን አነሳ።

«ሲጋራ ላጭስ ልውጣ» አለ።

«አንተ አታጨስም እኮ።»

«ዛሬ ጀመርኩ።» በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ፤ «ሰኞ ያልኩሽን አልሰማሽም፣ እኔም ያየሁት ነገር የለም፣ ግን... ቶሎ በይ።»

መስመሯን አጠፋኋት። አንዲት መስመር ናት። ከዚያ ቁልፉን ተጫንኩ።

ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱን ዕቃ አመጣ፣ ሌላውን አመጣ፣ ገጣጠመ። በየመሃሉ ቀይ ይሆናል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ቀይ ቢሆን ራስል ይመጣል፣ መስመሯን ይመልሳታል፣ ነገሩ ያበቃል። ዓመቱን ሙሉ ቀይ ስትጠላ የኖረች ሴት እዚያ ቁጭ ብላ ለአረንጓዴ ጸለየች።

አረንጓዴ በራ። ላክሁት።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ምሳ ሰዓት ሆነ፤ ሳንድዊቼን ከወረቀቱ አላወጣሁትም። ከመስኮቱ የጉድጓዱ ማማ ይታያል፤ በረዶው መሃል ግራጫ ሆኖ ቆሟል። የአሳንሰሩ ትልቅ መሽከርከሪያ አልተንቀሳቀሰም። ባይቀበሉትስ? ነገ እንጭነዋለን ቢሉስ? ሬያል ታች ግድግዳ ተደግፎ «ትንሽ ልረፍ» ቢልስ? እዚያ «ትንሽ ልረፍ» ያለ ሰው እንዴት እንደሚያርፍ አውቃለሁ።

ፊሽካው ተነፋ።

ረጅም ነው ፊሽካው፤ ከተማው ሁሉ ይቆማል። ጎማ ቤቱ ውስጥ የነበረው መዶሻ ዝም አለ። መሽከርከሪያው ዞረ። ቆመ። ደግሞ ዞረ። በዞረ ቁጥር ሰው ይዞ እየወጣ ነው፤ የትኛው ላይ ሬያል እንዳለ የሚናገር ግን የለም።

የራስል ስልክ ጮኸ፣ ደግሞ ጮኸ። ከክፍሉ ሲወጣ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል።

«ሰሌዳዎቹ ሁሉ ጠቁረዋል! ፕሮግራሙ አስተርጓሚውን አጣሁ ይላል! ምን አደረግሽ?»

«ቁልፉን ተጫንኩ።»

አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ የእኔ ስልክ ጮኸ። አነሳሁት።

«ቁልፊቱ!» ሬያል ነው። ያስላል። «ሰሌዳችሁ ሞተ! ሁላችንንም እንደ ከብት አወጡን። ትንሹ ምሳውን ታች ረስቶ ያለቅሳል...» አሳለ። «ኦይቫን ግን ደግፈን ነው ያወጣነው። እግሩ ከዳው። ምን እንደነካው እንጃ።»

«አንተስ?»

«ራሴን ነው፣ ያው። አሁን ሁለት ሰዎች ታች ሊለኩ ወርደዋል፣ ጭንብል አድርገው፣ ባትሪ ያለው ቡችላ ይዘው። ቆይ...»

ከጀርባው የብዙ ሰው ድምፅ ነበር፣ ሲቀልዱ፣ ሲሳደቡ። ድምፁ ቀስ እያለ ጠፋ። የአሳንሰሩ በር ሲከፈት ሰማሁ። ቡችላው ይጮሃል። እያቆራረጠ አልነበረም፤ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ አንድ ወጥ፤ ላይ ወጥቶም አልበረደለትም።

«ታችኛው ዋሻ ውስጥ አልገቡም» አለ ሬያል፣ ድምፁ ተለውጦ። «ገና አፉ ላይ ነው የተመለሱት። ጂኔት... ዜሮ ነበር እኮ የሚለው።»

«ዜሮ አልነበረም» አልኩት። «ባዶ ነበር። ሂድና ሐኪሙ ጋ ተቀመጥ። ከማንም ጋር አትከራከር።»

ስልኩን ዘጋሁ። ራስል እዚያው ቆሟል። ቡችላው በስልክ ውስጥ ሲጮህ እሱም ሰምቶታል፤ ፊቱን አይቼ አወቅሁ። ሸሚዙን ወደ ሱሪው መለሰና፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«መስመሯን መልሻት፣ ጂኔት። ሰሌዳው እንዲበራ። የተቀረውን እኔ አወራዋለሁ» አለ።

ወንበሬን ወደ ማሽኑ ፊት ሳብኩና ተቀመጥኩበት። ቁልፉን ማንም እንዳይነካው በሁለት እጄ ሸፈንኩት።

«መጀመሪያ የሻጩን በር አንኳኳ» አልኩት። «እኔ እዚሁ ነኝ።»